የሰማነውን ማን ያስቀምጥልናል?





ስለ ጾም አሕካምና ስለ ተራዊሕ የሚያስረዱ ጽሑፎችን በሌሎቹ ገጾች ታገኛላችሁ። እኛ በዚህ ገጽ የምናነሳው ለየት ያለ ጉዳይ ነው። በየካቲት 2014 ዓ.ም. የምንወደው አንድ የሩሲያኛ ፕሮግራም ጠፋብን። «በረመዷን ስለ ሩሲያ ሬዲዮ ምን አገባን?» የሚል ወንድም እንደሚኖር እናውቃለን። እስከ መጨረሻው ታግሶ ያንብብልን፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ወደ ራሳችን መስጂድ ይመለሳል።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት የማዳመጫ ሐለቃ ካቋቋምን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ሌሊት ላይ ዋይፋዩ ፈጠን ስለሚል ለተሀጁድ የሚነሱ ወንድሞች ፖድካስቶችን ያወርዳሉ፤ በሚሞሪና በቴሌግራም ለሌላው ይደርሳል። ሐሙስ ከዒሻ በኋላ እህቶች በበኩላቸው፣ ወንድሞች በበኩላቸው ተሰብስበው ያዳምጡና ማስታወሻ ይለዋወጣሉ። ለሻይ እንኳን ብር የማያስፈልገው ፕሮግራም ነው ማለት ይቻላል።

በዚህ ዓመት ብዙ ሰምተናል። ፒተር አዳምሰን የተባለው የፍልስፍና መምህር «ምንም ሳይዘለል የፍልስፍና ታሪክ» ብሎ ከ2010 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚያቀርበውን ፖድካስት ስንከታተል፣ ለእስልምናው ዓለም የሰጠውን ረጅም ቦታ አይተን ተገረምን። አል‑ኪንዲን፣ ኢብን ሲናንና ኢብን ሩሽድን በስም ብቻ ነበር የምናውቃቸው፤ ምን እንዳሉ ያወቅነው እዚያ ነው። ከቢቢሲ ሬዲዮ 4 «ኢን አወር ታይም» ስለ ኢብን ኸልዱን የተካሄደውን ውይይት ሰምተን ሁለት ሳምንት ሙሉ ተከራክረንበታል። የኦቶማን ታሪክ ፖድካስትንም እያለፍን እያገደምን ሞክረነዋል። በእንግሊዝኛ የሚቀርበው ብዙ ነው፤ ለማግኘትም አያስቸግርም።

ከሁሉም በላይ ልባችን ውስጥ የገባው ግን የሩሲያኛው ነበር። ከመካከላችን ሁለቱ ለሩሲያ ነፃ የትምህርት ዕድል ለመወዳደር ቋንቋውን መማር ጀምረው ነበር። የአንዷ እህታችን አባት ደግሞ በደርግ ዘመን ሶቪየት ኅብረት የተማሩ ሰው ናቸው። «ጆሯችሁን ክፈቱ እንጂ ቋንቋ በመጽሐፍ ብቻ አይገባም» ብለው ወደ አንድ የታሪክ ፕሮግራም መሩን። ስሙ «ፍስዮ ታክ» ይባላል፤ በአማርኛ «ሁሉም እንዲሁ ነው» እንደ ማለት ነው። የሚቀርበው «ኤኮ ሞስክቪ» በተባለው ሬዲዮ ነበር። ኤኮ ማለት እኛ የገደል ማሚቶ የምንለው ነው፤ የሬዲዮው ስም «የሞስኮ ማሚቶ» ማለት ነው።

አቅራቢዋ ናታሊያ ባሶቭስካያ ትባላለች። የመካከለኛው ዘመን ታሪክ ተመራማሪና የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነበረች፤ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ስለተካሄደው የመቶ ዓመት ጦርነት ብዙ የጻፈች ናት። ከፊት ለፊቷ ሆኖ የሚጠይቃት የሬዲዮው ዋና አዘጋጅ አሌክሲ ቬኔዲክቶቭ ነው፤ እሱም ወደ ሬዲዮ ከመግባቱ በፊት ለረጅም ዓመታት የትምህርት ቤት የታሪክ መምህር ነበር። ሁለት መምህራን ተቀምጠው ስለ አንድ ንጉሥ ወይም ስለ አንዲት ንግሥት ይነጋገራሉ፤ ሌላ ምንም የለውም። ሙዚቃና ግርግር የለም። ሴትየዋ ቀስ ብላ፣ ቃላቱን እየለየች፣ አንዳንዴም እየሳቀች ትተርካለች። የእህታችን አባት ድምፅዋን በሰሙ ቁጥር «ልክ እንደ ድሮ መምህሬ» ይላሉ። ለእኛ ጀማሪዎቹ መጀመሪያ አሥር ቃል፣ ከዚያ ሃያ ቃል፣ ከዚያ ሙሉ ዓረፍተ ነገር እየገባን ሄደ። ያልገባንን እሳቸው በወረቀት በአማርኛ ጽፈው ፎቶ አንስተው ይልኩልናል። ሐሙስ ማታ የምናነበው የእሳቸውን ወረቀት ነበር።

ባሶቭስካያ በ2019 (እ.ኤ.አ.) አርፋለች። ስናዳምጣት የነበረው ከሞተች በኋላ ነው። ድምፅዋ ግን በሬዲዮው ድረ ገጽ ላይ ነበር፤ የፈለግነውን ክፍል ሄደን እንከፍታለን። ሁልጊዜም እዚያው የሚኖር መስሎን ነበር።

የካቲት 22 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ የዓድዋ በዓል ዋዜማ፣ የሞስኮ ማሚቶ ከአየር ላይ ወረደ። የሩሲያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሬዲዮው በዩክሬን ስለሚካሄደው ወታደራዊ ዘመቻ ሐሰተኛ መረጃ አሰራጭቷል ብሎ ስለከሰሰ፣ የመገናኛ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አቋረጠው። ከሁለት ቀን በኋላ የሬዲዮው የዲሬክተሮች ቦርድ ተቋሙ እንዲፈርስና ድረ ገጹም እንዲዘጋ ወሰነ። በማግሥቱ ስለ ጦሩ «ሐሰተኛ» የተባለ መረጃ ማሰራጨትን እስከ 15 ዓመት እስራት የሚያስቀጣ ሕግ ወጣ። ሬዲዮው ሥራ የጀመረው ነሐሴ 16 ቀን 1982 ዓ.ም. ነበር። በ1991 (እ.ኤ.አ.) የነሐሴው መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ጊዜ ደጋግሞ ቢቋረጥም ተመልሶ የተናገረ ጣቢያ ነው። ከ31 ዓመት በኋላ በሁለት ቀን ፈረሰ። ይሰማበት የነበረው 91.2 ኤፍ ኤም ደግሞ ለመንግሥቱ «ስፑትኒክ» ሬዲዮ ተሰጠ።

በዚያ ሐሙስ እንደ ልማዳችን ቀጣዩን ክፍል ለማውረድ ስንሞክር ገጹ አልከፈተም። መጀመሪያ የግቢው ዋይፋይ መስሎን ነበር። በነጋታው ስለ ዜናው የእህታችን አባት ነገሩን። ስለ መካከለኛው ዘመን ነገሥታት የምትተርክ የሞተች ሴት ስለ ዛሬ ጦርነት ምን ትላለች? ምንም። ቤቱ ሲዘጋ ግን ፖለቲካውም ታሪኩም ቋንቋውም አብሮ ተዘጋ። በእጃችን የቀረው በሚሞሪ ላይ የነበሩ 11 ክፍሎች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንደብቅ እንናገራለን። ይህ ሬዲዮ በሁሉም ነገር የሙስሊሞች ወዳጅ አልነበረም። በጃንዋሪ 2015 (እ.ኤ.አ.) ከፓሪሱ ጥቃት በኋላ፣ ጋዜጦች የነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ.) ካርቱን ማተም አለባቸው ወይ ብሎ በድረ ገጹ አድማጮቹን አስተያየት ጠይቆ ነበር። በዚያ አገር ያሉ ብዙ ሙስሊሞችን አስቆጥቷል። እኛም ይህንን ዘግይተን ስናውቅ ደማችን ፈላ። አንድ ወንድም በሐለቃችን ላይ «እንግዲያውስ መዘጋቱ ይበለው፤ ምን ያሳዝነናል?» አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ዝም ብለን ማለፍ አልፈለግንም።

የደረስንበት ይህ ነው። ሱረቱል ማኢዳህ 8ኛው አያ ለሰዎች ያለን ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያወጣን ያስጠነቅቀናል። ያስቆጣንን ነገር ስሕተት ነው ማለት መብታችንም ግዴታችንም ነው። ግን በአንድ ነገር ያስቆጣን ሰው አፉ በመዘጋቱ መደሰት ሌላ ነገር ነው። አፍ የሚዘጋው እጅ ዛሬ እኛ የማንወደውን፣ ነገ እኛን ይዘጋል። ይህን ለመረዳት ሞስኮ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። «የሙስሊሞች ጉዳይ» መጽሔት በ2004 ዓ.ም. ክረምት ዋና አዘጋጁ ዩሱፍ ጌታቸው ከታሰረ በኋላ መታተሙን አቁሟል። በዚያን ጊዜ እኛ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። አምና ለዚህ ጋዜጣችን ብለን የድሮ ዕትሞቹን ስንፈልግ ያገኘናቸው በአንድ ታላቅ ወንድም ቤት፣ አልጋ ሥር፣ በካርቶን ውስጥ ነው። እሳቸው ባያስቀምጡልን ኖሮ ስሙን ብቻ ነበር የምናውቀው።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው። የምንወደውን ነገር አንድ ቤት ውስጥ ብቻ ትተን እንተኛለን። ቤቱ በመንግሥት ትእዛዝ ሊዘጋ ይችላል፤ በገንዘብ እጦት ሊዘጋ ይችላል፤ በእኛ ቸልተኝነትም ሊዘጋ ይችላል። አድማጭ የሚያዘው ሦስተኛውን ብቻ ነው።

ዲናችን ይህን ከማንም በፊት ያስተማረን ነው። በየማማ ዘመቻ ብዙ የቁርኣን ሓፊዞች ሸሂድ በሆኑ ጊዜ ዑመር (ረ.ዐ.) ተጨነቁ። ወደ አቡ በክር (ረ.ዐ.) ሄደው ቁርኣን በአንድ ላይ እንዲሰበሰብ መከሩ። አቡ በክር መጀመሪያ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያላደረጉትን እንዴት አደርጋለሁ ብለው አመነቱ፤ በኋላ አላህ ልባቸውን ከፈተላቸው። ሥራው ለዘይድ ኢብን ሣቢት (ረ.ዐ.) ተሰጠ። እሱም ከዘንባባ ዝንጣፊ፣ ከስስ ድንጋይና ከሰዎች ልብ እየፈለገ ሰበሰበ። ያ ስብስብ በአቡ በክር፣ ከዚያ በዑመር፣ ከዚያ በእናታችን ሐፍሷ (ረ.ዐ.) ዘንድ ቆየ። ዑስማን (ረ.ዐ.) ደግሞ ከእሱ አስገልብጠው ወደየአገሩ ላኩ። አላህ (ሱ.ወ.) ቁርኣንን ራሱ እንደሚጠብቅ ቃል ገብቷል፤ ሶሓቦቹ ይህን እያወቁ ሰበቡን አልተዉም። ሬዲዮን ከአላህ ቃል ጋር ማወዳደር፣ ሓሻ! አዳቡን ግን እንማርበታለን፦ የሚወዱትን ነገር የያዙ ሰዎች ማለፍ ሲጀምሩ ፈጥነው ተነሡ፤ ሲጨርሱም በአንድ ቤት አልተዉትም።

ከዚያው ከሩሲያ ምድር ሌላ ምሳሌ እንጨምር። በ921 (እ.ኤ.አ.) የባግዳዱ ኸሊፋ አል‑ሙቅተዲር በቮልጋ ወንዝ አካባቢ ወደሚኖሩት ቡልጋሮች መልእክተኞችን ላኩ፤ በ922 ደረሱ። ዛሬ ታታሮች በሚኖሩበት በዚያ ምድር እስልምና በይፋ የተያዘበት 1100ኛ ዓመት የታሰበው በ2022 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከመልእክተኞቹ አንዱ ኢብን ፈድላን ያየውን ሁሉ ጽፎ ነበር። ጽሑፉ ግን ለዘመናት ጠፍቶ፣ ያቁት አል‑ሐመዊ በጂኦግራፊ መዝገበ ቃላቱ ውስጥ ቀንጭቦ ያስገባው ብቻ ይታወቅ ነበር። በ1923 (እ.ኤ.አ.) ከቦልሼቪኮች ሸሽቶ የተሰደደ ዘኪ ወሊዲ ቶጋን የተባለ የባሽኪር ሙስሊም ምሁር፣ ኢራን ማሽሐድ ውስጥ በሚገኝ ቤተ መጻሕፍት የእጅ ጽሑፉን አገኘው። ስሙን የማናውቀው አንድ ገልባጭ፣ ከቮልጋም ከባግዳድም ርቆ የቆየ አንድ ቅጂ ትቶልን ነበር። ዛሬ ስለዚያ ዘመን የቮልጋ ሙስሊሞች የምናውቀው አብዛኛው ነገር የመጣው በእሱ ምክንያት ነው።

ድምፅንም በተመለከተ እንዲሁ ነው። ዛሬ በየስልካችን የምንሰማው የሸይኽ መሕሙድ ኸሊል አል‑ሑሰሪ ሙሉ የሙረተል ቂራአት በ1961 (እ.ኤ.አ.) በግብፅ የተቀዳ ነው። አንድ ሰው «ድምፅ ይቀመጥ» ብሎ ስላሰበ፣ ከስልሳ ዓመት በኋላ በዶርማችን ለሱሑር ስንነሣ እንሰማዋለን።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ከዚህ በታች የምንጽፈውን ለመጻፍ ከብዶናል፤ ጥፋቱ የራሳችን ስለሆነ።

ከግቢያችን አጠገብ ባለው መስጂድ ከመግሪብ እስከ ዒሻ ተፍሲር ያስተምሩን የነበሩትን አባታችንን የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች ታስታውሷቸዋላችሁ። የወሎ ሰው ነበሩ፤ የቆየውን የደረሳ ሕይወት፣ በእግር ከአንዱ ሸኽ ወደ ሌላው ሸኽ ቂርኣት ፍለጋ መሄዱን፣ በቆሎ ቆርጥሞ ማደሩን ያወቁ ሰው። አንዲትን አያ ሲተረጉሙ በአረብኛ ይጀምሩና በአማርኛ ያስረዳሉ፤ ከዚያ ሳይታወቃቸው ከሸኻቸው የሰሙትን ይተርካሉ። የተማሩበትን ሰነድ፣ ከማን እንደሰሙ፣ እሱ ደግሞ ከማን እንደሰማ እየቆጠሩ ነበር የሚናገሩት። ከእሳቸው የሰማነው በየትኛውም መጽሐፍ ላይ አልተጻፈም።

ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ወንድማችን በስልኩ ቀዳቸው። ሁላችንም «እሱ እየቀዳ ነው» ብለን እጃችንን አጣጥፈን ተቀመጥን። ወንድማችን ተመረቀ፤ በወጣ በጥቂት ወር ስልኩ ታክሲ ውስጥ ተሰረቀበት። የቴሌግራም ቻናል ነበረን፤ የተከፈተበት ሲም ካርድ ስለተዘጋ ማንም ሊያስተዳድረው አልቻለም፤ ከፍተን ስናየውም አብዛኛው ደርስ ቀድሞውኑ አልተጫነበትም። «በኋላ እንጭነዋለን» ስንል ነበር። አባታችን አምና ወደ አኺራ ሄዱ። አላህ ይዘንላቸው፤ ቀብራቸውን የጀነት ጨፌ ያድርግላቸው።

ከለቅሶው በኋላ ልጃቸው ወደ መስጂዱ መጣች። «ተማሪዎቹ የአባቴን ድምፅ ይቀዱ ነበር ብለውኛል፤ ካላችሁ ስጡኝ» አለች። የሰጠናት ሁለት ቅጂ ነው። አንደኛው መብራት በጠፋበት ቀን የተቀዳ ስለሆነ ግማሹ የጄኔሬተር ድምፅ ነው። አመስግናን ሄደች። ያቺን ምስጋና እስካሁን መሸከም አልቻልንም።

ስለዚህ የሞስኮው ሬዲዮ ሲዘጋ ያዘንነው ስለ ሩሲያኛ ትምህርታችን ብቻ አልነበረም። የእነሱን ቤት ኃይል ያለው ሰው ዘጋባቸው። የእኛን አባት ድምፅ ማንም አልዘጋብንም፤ እኛ ጣልነው። ሱረቱል ኢስራእ 36ኛው አያ መስሚያም፣ ማያም፣ ልብም እንደሚጠየቁ ይነግረናል። ብዙ ጊዜ ይህን የምናነሣው ሐራም ነገር ስለመስማት ነው። መልካም ሰምተን ምን እንዳደረግንበትስ አንጠየቅም?

«ዒልም በልብ ነው እንጂ በሚሞሪ አይደለም» የሚሉን ወንድሞች አሉ። እውነት አላቸው፤ ፋይል አከማችቶ የማያዳምጥ ሰው መጽሐፍ እንደተጫነ አህያ እንዳይሆን እንፈራለን። የተቀዳ ደርስ ከኡስታዝ ፊት መቀመጥን አይተካም። ግን ከአባታችን ፊት የሚቀመጥ ሰው ከእንግዲህ የለም። አዲስ የሚመጡት ተማሪዎች የሚያገኙት እኛ ያስቀመጥነውን ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ በሐለቃችን የተስማማንበትን እናካፍላችሁ፤ ጀመዓው በሙሉ ቢይዘው ደስ ይለናል።

አንደኛ፣ የምንቀዳው ደርስ በሦስት ቦታ ይቀመጣል፦ በጀመዓው ፍላሽ፣ በአንድ እህት ወይም ወንድም ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ላይ። አንድ ቦታ ብቻ ያለ ነገር እንደሌለ ቆጥረነዋል።

ሁለተኛ፣ ቅጂው ሲጀመር የሚቀዳው ሰው ቀኑን፣ ቦታውን፣ የኡስታዙን ስምና ኪታቡን በድምፅ ይናገራል። ስም የሌለው ፋይል ከአምስት ዓመት በኋላ ማን እንደሆነ አይታወቅም።

ሦስተኛ፣ ፈቃድ ይጠየቃል። ኡስታዙ «ይህን አትቅዱ» ካሉ አይቀዳም፤ ሰው ስለ ራሱ ችግር ጠይቆ የተመለሰለት ከሆነ ተቆርጦ ይወጣል። የሰው ድምፅ አማና ነው።

አራተኛ፣ የእህታችን አባት ለሩሲያኛው እንዳደረጉት፣ ለእያንዳንዱ ደርስ አንድ ገጽ ማስታወሻ በአማርኛ ይጻፋል። ድምፁ ቢጠፋ ወረቀቱ ይቀራል።

አምስተኛ፣ ተመራቂ ወንድሞችና እህቶች ከመውጣታቸው በፊት በእጃቸው ያለውን ሁሉ ለሚተካቸው ያስረክባሉ። የጀመዓው አሚር የቢሮውን ቁልፍ እንደሚያስረክብ፣ ፍላሹንና የቻናሉን ይለፍ ቃልም ያስረክብ።

በመጨረሻ አንድ ልመና አለን። ከአባታችን ተፍሲር ትንሽም ብትሆን፣ አምስት ደቂቃም ብትሆን፣ በድሮ ስልካችሁ ወይም በቤታችሁ ባለ ሚሞሪ ውስጥ ካለች እስከ ዒድ ድረስ አምጡልን። ጥራቷ አያሳስባችሁ። የተመረቁ ጓደኞቻችሁንም ጠይቁ። ያገኘነውን ሁሉ መጀመሪያ የምናደርሰው ለልጃቸው ነው፤ ሁለተኛውን ቅጂ ለመስጂዱ፣ ሦስተኛውን እዚህ እናስቀምጣለን።

አሥራ አንዱን የባሶቭስካያ ክፍሎችም በሦስት ቦታ አስቀምጠናል። የእህታችን አባት ከሌሎች አድማጮች ተጨማሪ እያፈላለጉልን ነው። ከረመዷን በኋላ ሐሙስ ሐሙስ እንቀጥላለን፤ ሩሲያኛ የሚማር ካለ በሩ ክፍት ነው።

አላህ ጾማችንን፣ ቂያማችንንና ዱዓችንን ይቀበለን። ያስተማሩንን ሁሉ፣ ያሉትንም ያለፉትንም፣ በራሕመቱ ይሸፍናቸው። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።